በባሕር ዳርና በዘጌ የግድግዳ ሥዕልን በእግር ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳርን በእግሩ የሚዞር እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከመነሻው ነው፤ ሥዕልን በጎዳና አጥር ላይ ብቻ ፈልጎ ያጣና ከተማዋን በዘንባባና በሐይቅ ለክቶ ይመለሳል። የጎጃም የግድግዳ ሥዕል ዋና መኖሪያ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ጉዞውን ከተማው ውስጥ በሚገኘው በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ካለው ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ጀምሮ፣ ከዚያ በጀልባ በጣና ሐይቅ ወዳለው ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ተሻግሮ፣ በቡናው ጥላ ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ መቀጠል ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሥዕሎቹን ዓይን ባረፈበት ቦታ ሁሉ እየለቃቀሙ መመልከት ነው። በዘጌ እንዳለው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ በቅኔ ማሕሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ የተከፈለ ሲሆን፣ ሥዕሉ የሚያርፈው አራት ማዕዘን በሆነው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ተመልካቹ በቅድስቱ ውስጥ ቀስ ብሎ እየዞረ ሊያነበው ይገባል። በትውፊቱ መሠረት ሠዓሊው ጻድቃንን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ደግሞ አንድ ዓይን ብቻ እንዲታይ በጎን ይሥላቸዋል። ይህን ያወቀ ሰው የግዕዙን ጽሑፍ ባያነብም እንኳ ሰማዕቱን ከገዳዩ ይለያል፤ እኔ ሳላውቀው ስንት ግድግዳ አልፌ እንደነበር ሳስበው ይቆጨኛል። ብዙ ሥዕሎች በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ጠርዙ የተላቀቀውን በጣት መንካት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

የቤተ ክርስቲያኑን ዕድሜ ለሥዕሉ መስጠትም የተለመደ ስህተት ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ምሥረታ ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳል ቢባልም፣ ዛሬ የምናያቸው ሥዕሎች በአብዛኛው ከዚያ ብዙ ዘግይተው የተሠሩ ናቸው። አስጎብኚው ዓመት ሲጠራም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራልና።

የሥርዓቱን ነገር በአጭሩ ለማንሳት፣ ጫማ ሳያወልቁ መግባት፣ ቅዳሴ ላይ መድረስና በካሜራ ፍላሽ ማንሳት ሦስቱም ያስነቅፋሉ። ፎቶ ለማንሳት አስቀድሞ አባን ማስፈቀድ ይገባል። በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ለሴቶች የማይፈቀድ በመሆኑ፣ ከሴቶች ጋር የሚሄድ ሰው ይህን ማጣራት ያለበት የጀልባውን ኪራይ ሳይከፍል ነው።