«ጨጓራዬ ነው» እያሉ ልብን መግደል

ባለፈው ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንድ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ልጆቹ ደግፈውት ገባ። ቡጢውን ደረቱ መሃል ላይ ተጭኖ ነው የሚራመደው። ውጭው ብርድ ነው፤ የሱ ሸሚዝ ግን በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ባለቤቱ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን የኦሜፕራዞል ማሸጊያ ይዛለች፤ አራት ፍሬ ጎድሎለታል። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረው። ጨጓራው ነው ብለን ወተት ሰጠነው። ተልባም በጠበጥንለት» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ይላል።

ሰባት ሰዓት ሙሉ!

ይህን «ጨጓራ» የሚሉት ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እኛ ሀገር ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግበው ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ግን ወተት አያስከፍተውም። ጡንቻው ወዲያው አይሞትም፤ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው መሞት የሚጀምረው። ከውስጠኛው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ውጭ ይሰፋል። ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ አብዛኛው አልቋል። የሞተው ደግሞ አይተካም፤ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ቧንቧውን ደም በሚያሟሟ መድኃኒት ወይም ቧንቧው ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ መክፈት ይቻላል። ግን በመጀመሪያው ሰዓት ሲከፈት የሚተርፈው ጡንቻና በሰባተኛው ሰዓት የሚተርፈው አይገናኙም። ሰውየው ተርፏል፤ አሁን ግን አንድ ፎቅ ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ያርፋል።

ደረት መሃል ላይ የሚጨምቅ ሕመም ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካመጣ፣ አስር ደቂቃ አልፎት ካልለቀቀ፣ ኑ። ጨጓራ ሆኖ ከተገኘም እሰየው፤ ማንም አይቆጣችሁም።

«ብርድ መታኝ» ብሎ ሰፈር ክሊኒክ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መወጋት ሌላው ነው። ሕመሙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ቧንቧው እንደተዘጋ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ለልብ ጥሩ አይደለም። በዚያ ላይ ቆይተን ደም የሚያሟሟ ስንሰጥ የተወጋው ቂጥ ውስጥ ይደማል።

ካርድ ክፍል አትሰለፉ። ቤተሰብ ይሰለፍ፤ በሽተኛው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግባና «ደረቴን ነው» ይበል። ደረቱን ያመመው ሰው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) መነሳት አለበት። መኪናም ራሳችሁ አትንዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ሌላ ሰው ይንዳ።

አስፕሪን ቤት ውስጥ ካለና አለርጂ ወይም የሚደማ ቁስል ከሌላችሁ 300 ሚሊግራም ውሰዱ፤ ትንንሾቹ ባለ 81 ከሆኑ አራት። ስህተቱ እንዳለ መዋጥ ነው። አኝኩት፤ ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ርካሽ ስለሆነ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመና 17,187 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት አስፕሪን ብቻውን ሞትን በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል።

አሁን የራሴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ስኳር ያለባቸው እናት መጡ። ደረታቸውን አላመማቸውም። «ልጄ፣ ደከመኝ፣ ያጥወለውለኛል» ነው ያሉት። እኔ ነኝ ኦሜፕራዞል አዝዤ አልጋ ላይ ያስተኛኋቸው። ኢሲጂ የተነሳው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ነርሷ ፊታቸው አላምር ብሏት። ስኳር ያለባቸው ሰዎች፣ ሴቶችና አዛውንቶች ላይ ልብ እንዲህ ሳትጮህ ልትሞት ትችላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስኳር ያለበት ሰው ካስመለሰው መጀመሪያ ኢሲጂ ነው የማነሳው። ለጀማሪ ሐኪሞችም አንድ ነገር፦ የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሆነ ብላችሁ ወደ ቤት አትሸኙ። ሕመሙ ካለ ድገሙት። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚወጣው ትሮፖኒንም ምርመራው ገና በጊዜ ከተወሰደ ላይታይ ይችላል፤ እሱንም ድገሙት።

ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ብረት) የገባላችሁ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ክሎፒዶግሬል «ጾም ስለያዝኩ» ወይም «ከአሜሪካ የሚላክልኝ ስላለቀ» ተብሎ አይቋረጥም። ብረቱ ላይ ደም ይረጋና የተከፈተው ቧንቧ ተመልሶ ይዘጋል። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደውሉ።

በቴሌግራም የሚዞረውን «በኃይል ሳሉ፣ ልባችሁ ይነሳል» የሚለውን እርሱት።

የጎረቤትን ከምላስ ሥር የሚደረግ የልብ ክኒንም አትዋሱ። በተለይ ወንዶች፣ ትናንት ማታ ቪያግራ ወስዳችሁ ከሆነ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት አዘቅት ይወርዳል። እኛም ስንጠይቃችሁ ባለቤታችሁ አጠገባችሁ ቆማ ስለሆነ «ምንም አልወሰድኩም» ትላላችሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ በሉና ንገሩኝ፤ እሷን ካርድ እንድታወጣ እልካታለሁ።