ልጃችሁ ያሬድ ልትገባ ነው? ከአንዲት የኮምቦልቻ እናት

ልጄ ክራር ትጫወታለች። አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። እኔ እዚህ ኮምቦልቻ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ልጁ ሙዚቃ ልማር ያለው የሰፈር ወላጅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አብሽሩ፣ ይቻላል።

የመግቢያ ፈተናው ጣት ብቻ አያይም፣ ጆሮም ያያል። የሰሙትን ድምፅ በአፍ መመለስ፣ በጭብጨባ የተሰጠን ምት ሳያዛንፉ መድገም ነው። ለመለማመጃ ፒያኖ ከየት ይመጣል አትበሉ። የሠርግ ባንድ ያለው ሰው ኪቦርድ አያጣም፤ ለምኑት። አንዳችሁ ንኩ፣ ልጅቷ ፊቷን አዙራ ታዚም። ባቲና አምባሰል የሚባሉትን የዜማ ቅኝቶች የወሎ ልጅ ከጡት ጋር ነው የሚሰማው። ቢሆንም ትዝታና አንቺሆዬን ጨምሮ አራቱንም ቅኝት ክራሯን ራሷ መቃኘት ትልመድ። ደግሞ ያሬድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ስለሆነ የ12ኛ ክፍል ፈተና አይቀርላትም። «ለሙዚቀኛ ሒሳብ ምን ያደርግለታል» የሚል አባት ካለ ዝም አሰኙልኝ።

ከወጪው የሚያስጨንቀው ኪራይ ነው። ዶርም ካገኘች ተገላገላችሁ። ካላገኘች ግን ቤት ስትፈልጉ ከዋጋው በፊት ስለ ድምፅ አውሩ። ልጄን አንዲት አከራይ «ክራር ደስ ይለኛል» ብለው አስገቧት፤ ወር ሳይሞላ «ልጄ፣ ራሴን አዞረሽው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ተማሪ እኮ ዘፈን አይጫወትም፤ አንዲት መስመር ሲመላልስ ነው የሚያመሸው። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ ክራሩን ይዛችሁ ሂዱ። ክፍሉ ውስጥ ሆና ትምታ፣ አከራዩም ሳሎናቸው ተቀምጠው ይስሙ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትለማመድ ተስማሙና ውሉ ላይ ይጻፍ። ደባል የምትይዝ ከሆነ ሙዚቃ የምትማር ትሁን። ኪራዩ ለሁለት ይካፈላል፣ አንዷ ባንዷ ልምምድም አትማረርም።

ቀለቡን ከዚህ ላኩ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ምንም አይሆንም። ትኩስ እንጀራ ግን እዚያው ትግዛ፣ መንገድ ላይ ይሻግታል። ክራሩን ከጆንያ ጋር አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ እንዳትጭኑት! ክሮቹን ላላ አድርጋ፣ በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ትያዘው። መንገድ ላይ፣ ጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ካለ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይረግባል፤ እንደደረሰች ልቃኝ ብላ አትታገል፣ መጀመሪያ ይድረቅላት።

ገንዘብ ሲያጥር የሠርግ ሥራ ያጓጓል። የመጀመሪያውን ዓመት እኔ አልፈቀድኩም። አሁን ስትጠራ ትሄዳለች፣ ግን ማታ የምትመለስበትን የራይድ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ቀድማ ትጠይቃለች። ጠሪው ከተግደረደረ ቤቷ ትቀመጣለች።