ከድሬ ወጥቶ ቀይ ወይን ለመቅመስ፦ እኛ የተሳሳትነውን እናንተ አትድገሙት

ድሬ ላይ ወይን ጠጅ ለብዙዎቻችን ወይ የሠርግ ጠረጴዛ ነው፣ ወይ ጨብሲ። ማሳው ድረስ ሄዶ፣ በርሜሉን አይቶ፣ ትንሽ ትንሽ እያስቀዱ መቅመስ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኬፕታውን የሚኖር ጓደኛችን ጥር መጨረሻ ላይ አገባና አራት ሆነን ከድሬ ሄድን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ወደ ስቴለንቦሽ ወጣን። ከኬፕታውን በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 የተቆረቆረች፣ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። የሄድንበት የወይን መጥመቂያ ኮረብታ ወገብ ላይ የተሠራ፣ መስታወትና ሲሚንቶ የሆነ ዘመናዊ ሕንፃ ነው። ስሙን አልጠራም። ለነገሩ ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነበር።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ቅምሻ ብዙ ቦታ በቀጠሮ ነው። ቀጠሮውን የያዘው ጓደኛችን መልእክቱ ላይ "10:00" የሚል አየ። "አቦ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ተኙ" አለን። እነሱ ዘንድ 10:00 ጠዋት ነው፤ በእኛ 4 ሰዓት። እኛ ስንደርስ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። አስተናጋጇ ሰዓቷን አየች፣ እኛን አየች፣ ሳቀች። ደግነቷ፣ ለነገ ጠዋት አዛወረችልን። እናንተ ጠዋቱን ያዙ፤ ምላስም ጠዋት ንጹሕ ነው። ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜም ስጡት።

ማሳውን ሳያዩ ብርጭቆው ላይ መቀመጥ

ብዙ ሰው ፎቶ ይነሳና ቀጥታ ወደ መጠጡ ይገባል። እኔም ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። ግን ኮረብታው ራሱ የወይኑ ግማሽ ነው።

ይህን ለመረዳት የድሬ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ላይ የመኪና መስኮት የከፈተ ሰው አየሩ ሲቀየር ፊቱ ላይ ይሰማዋል፤ ሐረር ገብቶ ሲመሽ ሹራብ ይፈልጋል። ወይንም የሚወደው ይህንኑ ነው። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ። ቀኑ ስኳሩን ያበስላል፣ ሌሊቱ ኮምጣጣነቱን ያቆያል። ዳገት ላይ ደግሞ ውሃ አይተኛም። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይቆፍራል፣ ፍሬው ትንንሽ ሆኖ ይቀራል። ፍሬው ባነሰ ቁጥር ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል። ቀይ ወይንን ቀይ የሚያደርገው ደግሞ ልጣጩ ነው። ጥቁሩን ፍሬ በጣታችሁ ጨፍልቁት፤ የሚወጣው ጭማቂ ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ነው።

የሕንፃውም አሠራር ዳገቱን ተከትሎ ነው። ዘለላው በላይኛው በር ይገባል። አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ በብረት ታንከር ይፈላል። ከዚያ መሬት ውስጥ ወዳለው የበርሜል ክፍል ይወርዳል። ፓምፕ ከሚገፋው በራሱ ክብደት ቢፈስ ፍሬው አይጎሳቆልም፣ የዘሩ ምሬትም አይወጣም። ስንሄድ ለቀማው ገና መጀመሩ ነበር፤ ቀድሞ የሚደርሰው ፒኖታዥ ገብቷል። ደረጃ ወጥተን አንዱን ታንከር ከላይ አየነው። ልጣጩ ተንሳፎ፣ ደድሮ፣ ከስሩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የእናቴ ጠላ ጋን ትዝ አለኝ። ፒኖታዥ እዚያው ስቴለንቦሽ የተወለደ ዝርያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ ምሁር ፒኖ ኗርን ከሳንሶ አዳቅለው ያገኙት። በትውልድ ቦታው ሲቀመስ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የባሰ ይጥማል።

አፍን ሳያዘጋጁ መሄድ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም የእኛ የድሬና የሐረር ሰዎች ዋና ችግር ይህ ነው።

አንደኛ ጫት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሕገወጥ ስለሆነ ለዚያ ጉዞ ጨርሶ አይታሰብም። ግን በአገር ውስጥ፣ ለምሳሌ ዝዋይ ድረስ ወርዶ የካስቴልን የወይን ማሳ ማየት የሚፈልግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያወጣ እርሻ ነው፣ ያው ሜዳ ላይ ቢሆንም። ታዲያ ከድሬ እስከ ዝዋይ መንገዱ ረጅም ነው፣ መኪና ውስጥ በርጫ ይጀመራል። አፍ የሚያደርቀው የቀይ ወይን ታኒን ጫት ውስጥም አለ። ስኳር የሌለው ወፍራም ሻይ ስትጠጡ ድዳችሁን የሚይዘው ነገር ማለት ነው። በጫት የደረቀ አፍ ላይ ቀይ ወይን ሲጨመርበት የምትቀምሱት ወይኑን አይደለም፣ ድርቀቱን ነው። ምርቃና ለመስበር የሚጠጣ ሰው ደግሞ ጨብሲ ላይ ነው እንጂ ቅምሻ ላይ አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅሏቸው።

ሁለተኛ ጣፋጭ። ሙሸበክ ወይም ባቅላባ በልቶ ቀይ ወይን የቀመሰ ሰው "ይሄ ኮምጣጤ ነው" ብሎ ይመለሳል። ደረቅ ቀይ ወይን ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ አልቋል። ጣፋጭ አፍ ውስጥ ሲገባ ይብሱን ይኮመጥጣል። ባዶ ሆድም አይሆንም። ጠዋት ፈጢራ፣ ማሩን ትቶ፣ በእንቁላል ብቻ፣ አሪፍ ነው። በርበሬ የበዛበት ነገር ግን ለማታ ይቆይ፤ ሚጥሚጣና 14 በመቶ አልኮል ሲገናኙ አፍ ይነዳል።

ሽቶም እንዲሁ። ኡንሲ የታጠነ ልብስ ለብሳችሁ ከገባችሁ የራሳችሁን ወይን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁንም ታበላሻላችሁ።

ኮካ መጠየቅ

አንዱ ጓደኛችን ጠየቀ። አልዘረዝረውም። ቤታችሁ ስትጠጡ በለስላሳም በአምቦ ውሃም በርዙት፣ ማንም አይከለክላችሁም። እዚያ ግን ውሃውን ለብቻው ጠጡት።

ለመትፋት ማፈር

መትፋት ነውር ተብለን አድገናል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መትፊያ ሳየው የአበባ ማስቀመጫ መስሎኝ ወደ ዳር ገፋሁት። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። በአንድ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ይቀዳል እንበል። ስድስት ብርጭቆ 300 ሚሊ ሊትር ነው። ወይኑ 14 በመቶ ከሆነ፣ ባለ 5 በመቶውን ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ሁለት ጠርሙስ ተኩል እንደመጠጣት ነው። ያውም ጠዋት። አራተኛው ላይ ሁሉም ወይን ጥሩ ይሆናል፣ አስተናጋጇም ዘመድ ትመስላለች። ባትተፉም ቀሪውን መትፊያው ውስጥ ድፉት፤ ማንም አይቀየምም።

ሹፌር አስቀድማችሁ ለዩ። እኛ ዕድለኞች ነበርን። ሙስሊሙ ጓደኛችን ስለማይጠጣ መኪናውን እሱ ያዘልን። የሚገርመው በርሜሉ ስንት ሊትር እንደሚይዝ የጠየቀውም እሱ ነው። 225 ነው፣ የተለመደው የኦክ በርሜል።

የፈረንጅ ፍሬ ፍለጋ

ወረቀቱ ላይ "ብላክቤሪ፣ ካሲስ፣ ፕለም" ይላል። ካሲስ በልቼ አላውቅም። አንድ ሰው ያልበላውን ነገር ሽታ ከየት ያመጣዋል? መጀመሪያ ላይ ራሴን እየነቀነቅሁ "አዎ፣ አዎ" እል ነበር። ኋላ ሺራዝ የሚባለው ቀይ ወይን ሲቀዳልኝ አፍንጫዬን ሳስገባ በአንድ ጊዜ ድሬ ቀፊራ ገበያ ቆሜ አገኘሁት። ቁንዶ በርበሬ! ለአስተናጋጇ ስነግራት በጣም ደስ አላት። ለካ ሺራዝ ውስጥ ያለው ሽታና ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ሮታንዶን ይሉታል። ከኦክ በርሜል የሚመጣው የቅርንፉድ ሽታም እንዲሁ፤ ራሱ ቅርንፉድ ውስጥ ካለው ዩጂኖል ጋር አንድ ነው።

የአፋችን ነገር ችግር አለበት ብያለሁ። አፍንጫችን ግን ከማንም አያንስም። ከልጅነታችን ጀምሮ ቅመም በከረጢት በተደረደረበት መሀል ያለፍን ሰዎች ነን። ብርጭቆውን እግሩን ይዛችሁ አሽከርክሩት፣ አሽቱት፣ ከዚያ የምታውቁትን ስም ጥሩ። ሄል ከሸተታችሁ ሄል በሉ። የከረመ ቆዳ ከሸተታችሁም በሉ፣ አያፍሩበትም።

ቅደም ተከተሉን ግን ለእነሱ ተዉላቸው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የሚሄዱት። ከባዱን ካበርኔ አስቀድሞ ቀለል የሚለውን ፒኖታዥ ማስከተል ክትፎ በልቶ ሾርባ እንደማዘዝ ነው።

ጾሙን መርሳት

እዚያ የለቀማው ሙቀት የካቲትና መጋቢት ላይ ነው፤ ዐቢይ ጾምም የሚውለው በዚያው ነው። ከወይኑ ጋር የሚቀርበው ሰሌዳ አይብና ሥጋ ይበዛዋል። ጾመኛ ከሆናችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ወይራና ለውዝ ብቻ እንዲያቀርቡላችሁ ንገሯቸው። አንዳንድ ቀይ ወይን ደግሞ በእንቁላል ነጭ ይጠራል። እንቁላሉ ታኒኑን ይዞ ይዘቅጥና ወይኑ ከላይ ይቀዳል። ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

"ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው" ብሎ ማመን

የማን ክፍል? አባባሉ የመጣው ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ አገር ነው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ድሬ ከዚራ ያለው የእኔ ሳሎን ግንቦት ላይ 32 ይገባል። በዚያ ሙቀት አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል፣ ፍሬው ይጠፋል። መጥመቂያው ላይ "ምን ጥሩ ወይን!" ብላችሁ የገዛችሁት እቤት ሲከፈት ሌላ ከሆነባችሁ፣ አላታለሏችሁም። ሙቀቱ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ጨምራችሁ አስቀምጡት። እንግዳ "ቀይ ወይን ፍሪጅ ይገባል እንዴ?" ቢላችሁ በረንዳው ላይ አስቀምጡትና ይጠብቅ።

ጠርሙሱን እንደ ሻንጣ መያዝ

በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ ፈሳሽ ነው፣ ፍተሻ ላይ ይቀራል። እኔ ሁለት ካበርኔ በሽርጥ ጠቅልዬ በሚጫነው ሻንጣ አስገባሁ። ድሬ ድረስ ሳይሰበሩ ደረሱ። አንዱን እቤት አስገባሁ። ሁለተኛውን ማታ ለአለቃዬ ልሰጥ ብዬ መኪናው ኋላ ተውኩት፣ ፀሐይ ላይ፣ ሙሉ ቀን።

ማታ ሳወጣው ቡሹ ከአፉ ግማሽ ጣት ያህል ወጥቶ ማሸጊያውን ገፍቶታል፤ ዳር ዳሩ ቀይ አንጠባጥቧል። ለአለቃ አይሰጥም። ከፈትኩት። የተቀቀለ ዘቢብ ነው የሚሸተው፣ ያ ሁሉ ቅርንፉድ የለም። እናቴ መጣች፣ አሸተተች፣ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች። "ለእሑድ ዶሮ ይሆነኛል" አለች።