ሞተሩ ከመውረዱ በፊት፦ የተቃጠለ የጭስ ቫልቭ እንዴት ይለያል?

ብዙ ኪሎሜትር የሄደች መኪና ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ሲሰጣት ግን ደህና ትሆናለች። ጋራዥ ስትወስዷት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» የሚል ነው፤ ፋሻ ማለት ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች ናቸው። ሊሆን ይችላል። ግን ፋሻ አብዛኛውን ጊዜ በሁሉም ሲሊንደር አብሮ ነው የሚያልቀው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ደክሞ ሦስቱ ጤነኛ ከሆኑ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የጭስ ማስወጫ ቫልቭን፣ ማለትም የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሩ የሚወጣበትን በር ነው። ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው፤ ቫልቭ ከሆነ የሚወርደው ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብቻ ነው።

ለምን የጭሱ ቫልቭ? አየር የሚያስገባውን ቫልቭ በየዙሩ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ያበርደዋል። የጭሱ የሚያገኘው የተቃጠለ ጋዝ ብቻ ነው፤ በቤንዚን ሞተር ላይ የቫልቩ ሙቀት ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱን በብዛት የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ገጥሞ ሲዘጋ ነው። ለፀጉር ያህል እንኳን ካልገጠመ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ እሳቱም በክፍተቱ እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ድምፅ ላይ ነው። ቫልቩ ሲዘጋ በእሱና እሱን በሚገፋው አካል መካከል ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ይህን ክፍተት ራሱ የሚያስተካክል ሃይድሮሊክ በሌላቸው ሞተሮች ላይ ቫልቩና መቀመጫው እየተበሉ ሲሄዱ ክፍተቱ ይጠባል፣ ስለዚህ ሞተሩ ዝም ይላል። ክፍተቱ ሲያልቅ ግን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። «ቫልቩ አይጮህም፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትጽናኑ። ትክ ትክ የሚለው ክፍተቱ የሰፋው ነው፤ እሱ ያናድዳል እንጂ ቶሎ አይቃጠልም።

ምርመራውን ከርካሹ ጀምሩ። ኮድ ማንበቢያ ካላችሁ ሰኩ፤ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ካወጣ የመጨረሻው ቁጥር የትኛው ሲሊንደር በትክክል እንደማያቃጥል ይነግራችኋል። የዚያን ሲሊንደር ካንዴላና ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ኮዱ አብሮ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ ችግሩ ካንዴላው ወይም ቦቢናው ነው፣ ተገላገላችሁ። እዚያው ከቀረ ኢንጀክተሩን አስፈትሹና ቀጥሉ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ቱቦ) ጫፍ ላይ ወረቀት አስጠግታችሁ ወደ ውስጥ ሳብ ሳብ ሲያደርገው ማየትም ይረዳል፣ ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ የካንዴላ ችግርም እንደዚያ ያደርጋል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መንዳት አቁሙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማጣሪያ) ያቀልጠዋል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ በካንዴላው ቀዳዳ በሚገጠም ጌጅ መለካት። ሞተሩን አሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጡ፣ የነዳጁን ፊውዝ ንቀሉ፣ የቦቢናዎቹን ሶኬቶችም ንቀሉ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ጌጁ መውጣት እስኪያቆም አዙሩ፣ ለአራቱም እኩል ጊዜ። ባትሪው ደካማ ከሆነ አትሞክሩት፣ ውጤቱ ይዋሻል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። 1.5 ሊትር ያሪስና ቪትዝ ላይ የሚገኘውን 1ኤንዜድ (1NZ) ሞተር እንውሰድ። የጥገና መጽሐፉ ጤነኛው ወደ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዝቅተኛው ወደ 156 ይላል። ይህ ግን ለባሕር ወለል የሚሰራ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጤነኛው ሞተር እዚህ 160 አካባቢ ቢያሳይ አይግረማችሁ። «መጽሐፉ 213 ይላል፣ ያንተ 160 ነው፣ ሞተሩ አልቋል» የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት። ዋናው አራቱን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ሦስቱ 160፣ አንዱ 90 ከሆነ ችግሩ እዚያ አንዱ ውስጥ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

በደከመው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ድገሙት። በደንብ ከፍ ካለ ፋሻ ነው። ካልነቃነቀው ወደ ቫልቭ እያመራችሁ ነው።

የሚያረጋግጠው አየር ነው። ፒስተኑን ሁለቱም የቫልቭ ዓይነቶች በተዘጉበት ጫፍ ላይ አቁሙ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ከኮምፕረሰር አየር ስጡ። ኮምፕረሰር ከሌላችሁ ጎሚስታ ቤት አለ፤ የሚያስፈልገው ካንዴላው ቀዳዳ ላይ የሚጠብቅ ማገናኛ ነው። ፒስተኑ ትክክለኛው ጫፍ ላይ ካልሆነ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ስለዚህ ግፊቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ቁልፍም ሆነ እጅ ፑሌው (ሞተሩን በእጅ የምታዞሩበት ክብ) ላይ አይቅር። ከዚያ ማዳመጥ ነው። ማርሚታው ውስጥ ሽሽሽ ካለ የጭሱ ቫልቭ ነው። በአየር ማጣሪያው በኩል ከመጣ የማስገቢያው ነው። የዘይት መክፈቻው ጋ በኃይል ከነፈሰ ፋሻ (ትንሽ መንፈሱ ጤነኛ ነው)፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካስነሳ ጓርኒሲዮን።

ስልክ ላይ የሚሰካ ቀጭን ካሜራ ካገኛችሁ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡት። ጤነኛ ቫልቭ ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ነው። የተቃጠለው አንድ ጎኑ ይነጣል፣ ከባሰ ጠርዙ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ታዩታላችሁ።

ቴስታታው ከመውረዱ በፊት አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ የቴስታታውን የላይ ክዳን ከፍታችሁ ያን የቫልቭ ክፍተት ለኩ። 1ኤንዜድ ላይ የጭሱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ነው። ዜሮ ካገኛችሁና በካሜራው ጠርዙ ደህና ከሆነ ክፍተቱን ማስተካከል ብቻ ሊያድነው ይችላል። ጠርዙ ከተበላ ግን ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

ወርዶ ሲሰራ ቫልቭ ብቻ ቀይሮ መግጠም አይበቃም። መቀመጫው ይስተካከል፣ ቫልቩ የሚመላለስበት ቱቦ መላላቱ ይታይ፣ ቴስታታው መጣመሙም ይለካ። ከቶርኖ ቤት (ቴስታታው ከሚስተካከልበት) ሲመለስ ካንዴላዎቹን ግጠሙ፣ ቴስታታውን ገልብጡ፣ ፒስተኑ በሚገጥምበት ጎድጓዳ ነጭ ጋዝ ሙሉበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ካረጠበ ሳትገጥሙት መልሱላቸው።