ያገለገለ ናፍጣ ፕራዶ፦ ጠዋት ቢያንኳኳ ምኑ ነው?

ወሎ ውስጥ «ደህና ጂፕ ልግዛ» ያለ ሰው ዞሮ ዞሮ ፕራዶ ላይ ያርፋል። እዚህ የምናየው 3.0 ሊትር ዲ ፎር ዲ ናፍጣ ሞተር ያለውን ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ዋን ኬዲ የሚባለውን። በፕራዶ 120 ላይ፣ እንዲሁም እስከ እ.ኤ.አ. 2015 አካባቢ በተሠራው 150 ላይ ይገኛል። ቀለም፣ ጎማ፣ ቦሎ ማየቱን ታውቁታላችሁና አልደግመውም። መኪናው ጠንካራ ነው። አንድ ክፉ በሽታ ግን አለበት፤ ሻጭም ደላላም የሚሸፍኑት እሱኑ ነው።

ምልክት፦ ቀዝቅዞ ሲነሳ ያንኳኳል

ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያንኳኳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል። ሲሞቅ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሻጩ «አብሽሩ፣ የደሴ ብርድ ነው» ይላችኋል። ብርድ አይደለም። ጤነኛ ዋን ኬዲ ብርዳሙ የጉጉፍቱ ደጋ ላይ ቢያድርም ድምፁ ትንሽ ይጎላ ይሆናል እንጂ አያንኳኳም።

ስለዚህ መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ እዩት። እንደደረሳችሁ ኮፋኖውን አስከፍታችሁ ራዲያተሩን በእጃችሁ ዳብሱ። ለብ ካለ አሙቀው ጠብቀዋችኋል። በሰላም ተሰነባብታችሁ በማግስቱ ተመለሱ፤ ያን ቀንም ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

መንስኤ፦ የኢንጀክተር ሮንዴላ

እያንዳንዱ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው ዕቃ) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ በሚቀመጥበት ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ሮንዴላ፣ ማለትም ማፈኛ ቀለበት፣ አለች። ሥራዋ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ሽቅብ እንዳያመልጥ ማፈን ነው። በዚህ ሞተር ኢንጀክተሮቹ የተተከሉት ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ስለሆነ፣ ሮንዴላዋ ስትደክም ጋዙ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ጥላሸቱን ይዞ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ እንደ ቅጥራን ይወፍራል፣ ይጋገራል፣ ፍርፋሪው ወደ ዘይት ገንዳው ወርዶ የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ቱርቦውና የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ያለ ዘይት ይቀራሉ።

ቀዩ የዘይት መብራት አያድናችሁም። የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እየወጣ መብራቱ ብልጭ ያለበት ሾፌር «ደሴ ገብቼ አሳየዋለሁ» ካለ፣ ደሴ የሚገባው ተጎትቶ ነው። በዚያው ቅጽበት ሞተሩን አጥፍቶ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ወንፊቱን በማጽዳት ብቻ ይተርፍ ነበር።

ሌላው ተደጋጋሚ ታሪክ የቱርቦው ነው። ቱርቦው ይሞታል፣ አዲስ ይገጠማል፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ይሞታል። «ቻይና ስለሆነ ነው» ተብሎ ሦስተኛ ይገዛል። የቻይና ዕቃ የራሱ ኃጢአት አለው፤ እዚህ ላይ ግን ቱርቦው ምን አጠፋ? ዘይት አልደረሰውም። ሻጭ «ቱርቦው አዲስ ነው» ብሎ ሲመጻደቅ አሮጌው ለምን እንደሞተ ጠይቁት።

እንዴት ይጣራል?

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈቱ። ስስ እንፋሎት ችግር የለውም። በየምቱ እየገፋ ጭስ ከተፋ ግን ሮንዴላው አልፏል፣ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደክሟል። አጥፍታችሁ በባትሪ ወደ ውስጥ አብሩ፤ የተጋገረ ጥቁር ቅርፊት ካያችሁ ዋጋ መደራደሩን አቁሙና ወደ ገንዳው ውረዱ። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ቢሆን ደስ አይበላችሁ። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፤ ንጹሕ ከሆነ ለእናንተ ሲባል የተቀየረ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተር። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ማረሚያ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ናፍጣ የሚጨምርለትን ወይም የሚቀንስለትን መጠን፣ አስነብቡ። ለዜሮ የቀረበ ጤነኛ ነው። ከ+3 በላይ የወጣ ወይም ከ-3 በታች የወረደ ኢንጀክተር ለመቀየር ደርሷል። ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ ስለ ናፍጣው መጠን ብቻ ነው፤ አራቱም ቁጥሮች አምረው ሮንዴላዋ ልታፈስ ትችላለች። «ኮምፒውተር ታይቷል» የሚለው ወረቀት ያን ያህል ዋጋ የለውም።

ቁርጡን የሚነግራችሁ ወንፊቱ ነው። የታችኛው የዘይት ገንዳ ይውረድ። ወጪውን እናንተ ቻሉ፤ የአዲስ ዘይትና የአንድ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ወደ 7 ሊትር ዘይት ይቀዳል፣ ገንዳው የተጣበቀው በሲሊኮን ነው። በስስ ቢላ ይላቀቅ፤ በካቻቢቴ የሚፈለቅቅ መካኒክ ከመጣ አስቁሙት፣ ከንፈሩ ከተጣመመ ዕድሜ ልኩን ያንጠባጥባል። ሲመለስም ሲሊኮኑ በስሱ ይቀባ። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ያንኑ ወንፊት ይደፍናል፤ በሽታውን ያመጣው ጠጋኙ ራሱ የሆነበት ሞተር ጥቂት አይደለም።

ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ግዙ። ጥቂት ፍርፋሪ ካለበት የአራት ሮንዴላና የእጅ ዋጋ አስቀንሱ። ግማሹ ከተደፈነ የሞተር ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም ተዉት። ገንዳው ግርጌ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ መደራደርም አያስፈልግም።

መፍትሄ

አራቱም ሮንዴላዎች ባንድ ላይ ይቀየራሉ፤ «የሚያፈሰውን ብቻ» የሚል ቁጠባ ዳግም ክፈቱኝ ማለት ነው። አዲስ ሮንዴላ ከመግባቱ በፊት መቀመጫው ከካርቦን መጽዳት አለበት፤ ካልጸዳ አዲሷም በአጭር ጊዜ ታፈሳለች። አሮጌው ኢንጀክተር ከተመለሰ ወደ ነበረበት ሲሊንደር ይመለስ። አዲስ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይመዝገብ። ሳይመዘገብ የተገጠመ ኢንጀክተር ማንኳኳቱን ይቀጥላል፤ ደንበኛውም «ኦርጅናል ብዬ ተሸወድኩ» ይላል። ብሎኖቹ በልኬት ቁልፍ ይጠበቁ፣ በክንድ ግምት አይሆንም።

የናፍጣ መመለሻው መስመር ሮንዴላዎችም አብረው ይቀየሩና ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ማፍሰሳቸው ይፈተን። እነሱ ካፈሰሱ ናፍጣ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት ልኬቱ ሳይጨመርበት ከፍ እያለ የሚሄድ መኪና ካያችሁ የመለኪያ ዘንጉን አሽትቱ።

የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል አትጨምሩ። የተጋገረውን ሁሉ ባንዴ አላቅቆ ወንፊቱ ላይ ይከምረዋል። በሚሠራ ሞተር ላይ የኢንጀክተር ቱቦ ማላላት ደግሞ የድሮ ናፍጣ ልማድ ነው፤ እዚህ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላልና ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ የሚያስቆርጥ ነገር ነው።

የተበላሸ ኢንጀክተር ተይዞ ብዙ ከተነዳ ፒስተኑ ይሰነጠቃል። የአንድ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ወርዶ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉም በግፊት ወደ ላይ ከተገፋ ያ ነው፤ ሞተር ካልወረደ መድኃኒት የለውም። በዚህ የተነሳ ሞተራቸው የተቀየረ ፕራዶዎች ስላሉ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ቆሞ ሲሠራ ዙሩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ዳገት ላይም ጉልበት ካጣ፣ መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ቫልቭ። በጀሪካን የተሸጠ ናፍጣ የጠጣ መኪና ላይ ሁለቱንም ቀይሩ።

የታይሚንግ ቺንጋው ዕድሜ በአብዛኛው 150,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና ስለበዛ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ሙቀት፦ ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ዝቅ ባለችው ባቲ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ይብሳል። ኤሲ ከፍታችሁ ከኮምቦልቻ ደሴ ውጡ። ጌጁ መሀል ላይ ተቀምጦ ስለሚቆይ እሱን ብቻ አትመኑ፤ ደሴ ስትገቡ የመጠባበቂያ ውኃው መጠን ከፍ ዝቅ ማለቱን እዩ። ውኃው ላይ ቅባት ያለው ሮዝ አረፋ ካለ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዷል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮው ውኃ ጠጥቷልና ተዉት።

ስትመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፤ ቀላል ነው። ኋላው አድሮ ዝቅ የሚል ከሆነ የአየር ባሎኑ ያፈሳል፤ በተራ ሞላ ቢቀየር ለእኛ መንገድ እንዲያውም ይሻላል።