የኢንስቶሌሽን መመሪያ ማስተካከል፦ መጀመሪያ አፋችሁን ዝጉ

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮጀክት) ላይ መሳተፍ ፈልጋችሁ ኮዱ ያስፈራችሁ ካላችሁ ከሪድሚው ጀምሩ። ሪድሚ ማለት ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ፊታችሁ ሚመጣው ፋይል ነው፣ ውስጡ "በራስህ ኮምፒውተር ላይ ለማስነሳት" ሚል ክፍል አለ፣ እሱን ደሞ ብዙ ጊዜ ሚፅፈው ሁሉም ነገር ተጭኖ ያለቀለት ላፕቶፕ ያለው ሰው ነው። ለሱ ይሰራል፣ ለሌላው ሰው ሶስተኛው መስመር ላይ ይቆማል። እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ የአንድ የመፅሀፍ ውሰት መመዝገቢያ ዌብ አፕ መመሪያ ሳስተካክል ያየሁትን ልንገራችሁ። አፑ በጃንጎ (የፓይተን ዌብ አፕ መስሪያ ነው) የተሰራ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ የናንተው በኖድ ወይ በፒኤችፒ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

1. ባዶ ላፕቶፕ ፈልጉ

የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ መሞከር ዋጋ የለውም። ፓይተኑም ጊቱም ፖስትግሬሱም ድሮ ገብቷል፣ ምን እንደነካካችሁም አታስታውሱም፣ ስለዚ መመሪያው ላይ የጎደለውን ላፕቶፑ ራሱ ይሸፍንላችኋል። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ሚሰራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ አዲስ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) መጫን ይቻላል ግን የ24.04 ዴስክቶፑ ፋይል ብቻውን ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው አይታሰብም። ይልቅ ሰው ከነላፕቶፑ ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ሚማር የጎረቤት ልጅ ነው፣ ፓይተን ትንሽ ነካክቷል ግን ሰርቨር አስነስቶ አያውቅም። በጣም ሚያውቅ ሰው አትጥሩ፣ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ያልፈዋል እናንተም ምንም አታዩም።

2. እሱ ይስራ፣ እናንተ ዝም በሉ

ቅዳሜ ከሰአት መጣ፣ ቡና እየተፈላ ነው፣ መመሪያውን ከፍቼ ሰጠሁትና "እኔ የለሁም በል፣ የተፃፈውን ብቻ ተከተል" አልኩት። ደብተር ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እጁ ኪቦርዱ ላይ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ትፅፋላችሁ፣ አፋችሁን ግን አትከፍቱም። ቀላል ይመስላል፣ እኔ ግን በአስር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ምላሴን ነክሻለሁ።

የመጀመሪያው ኮማንድ (ተርሚናል ሚባለው መስኮት ላይ ሚፃፍ ትዛዝ) ላይ ቆመ። መመሪያው ላይ ከኮማንዱ ፊት የዶላር ምልክት አለ፣ "ይሄን ተርሚናል ላይ ፃፍ" ለማለት ነው ሚቀመጠው፣ ልጁ ከነዶላሩ ኮፒ አድርጎ ለጠፈው፣ ተርሚናሉም እንዲህ ሚባል ኮማንድ አላውቅም አለው። እኔ እኮ ያን ዶላር ለአመታት አይቼው አላውቅም፣ አይኔ ይዘለዋል። ቀጥሎ "ፓይተን" ብሎ ሲፅፍ የለም ተባለ፣ ኡቡንቱ ላይ ስሙ "ፓይተን3" ነው። ከዛ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (የአንድ ፕሮጀክት ፓኬጆች ለብቻቸው ሚቀመጡበት ቦታ) ሊፈጥር ሲል እምቢ አለ፣ ምክንያቱም ኡቡንቱ ላይ እሱን ሚፈጥረው የቬንቭ ፓኬጅ ለብቻው በአፕት (በኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) መጫን አለበት፣ መመሪያው ላይ ግን ስለሱ አንድ ቃል የለም።

በዚህ መሀል አንድም ጊዜ መመሪያው ተሳስቷል አላለም። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት መሰለኝ" ነበር ሚለው። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ላፕቶፑን ዘግቶ ይሄዳል፣ ለፕሮጀክቱ ባለቤቶችም ማንም አይነግራቸውም።

3. ቨርዥን በቁጥር ፃፉ

የዛን ቀን እዚ ላይ አበቃን። መመሪያው "ፓይተን 3 ያስፈልጋል" ይላል፣ የልጁ ኡቡንቱ 20.04 ነው፣ ከሱ ጋር ሚመጣው ፓይተን 3.8 ነው፣ አፑ ደሞ ጃንጎ 5.0 ይፈልጋል፣ ጃንጎ 5.0 ከፓይተን 3.10 በታች አይጫንም። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ይሄን በግልፅ አይነግራችሁም፣ ሚመጣው ረጅም ቀይ ፅሁፍ "ሚስማማ ቨርዥን አላገኘሁም" አይነት ነው፣ ጀማሪ ሲያነበው ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። ስለዚ ከሁሉ ነገር በፊት "ፓይተን 3.10 ወይ ከዛ በላይ" ብላችሁ ፃፉ፣ ከስሩ ያለውን ቨርዥን ማያ ኮማንድ አስቀምጡ። ኡቡንቱ 22.04 ያለው ሰው 3.10 አብሮት እንደሚመጣም ብትጨምሩ አንድ ሰው ከጭንቀት ታድናላችሁ።

4. ከእያንዳንዱ ኮማንድ በኋላ ምን እንደሚታይ ንገሩ

ልጁ 22.04 ጭኖ በሳምንቱ ተመለሰ። አድሚን አካውንት ሲፈጥር "ጋሼ ኪቦርዱ ተበላሸ መሰለኝ" አለኝ። ፓስዎርድ ሲፃፍ ተርሚናሉ ላይ ኮከብም ነጥብም አይታይም፣ እሱ ደሞ ያንኑ ፊደል እየደጋገመ ይደበድባል። ሳቄን ዋጥኩና ደብተሬ ላይ ፃፍኩ፣ አሁን መመሪያው ላይ "ፓስዎርድ ስትፅፉ ምንም አይታይም፣ ፅፋችሁ ኢንተር በሉ" ሚል መስመር አለ።

ሰርቨሩ ሲነሳም እንደዛው። ኮማንዱን ፃፈ፣ ጥቂት መስመር መጣ፣ ከዛ ተርሚናሉ ዝም አለ፣ ልጁም ዝም ብሎ መጠበቅ ጀመረ። ሰርቨሩ እኮ ተነስቷል! ዝም ያለው እየሰራ ስለሆነ ነው፣ ይሄን ግን ካልተነገረው በምን ያውቃል። "ተርሚናሉን ሳትዘጉ ብራውዘር ላይ 127.0.0.1 ከዛ ሁለት ነጥብ 8000 ብላችሁ ክፈቱ፣ ለማቆም ኮንትሮልና ሲ" ብሎ መፃፍ ነው።

5. ዊንዶውስን አትርሱ

የዶርም ጓደኛው ዊንዶውስ ነው ሚጠቀመው፣ እሱንም አስቀመጥኩት። መመሪያው "ዶት ኢንቭ (የአፑ ሴቲንግ ሚቀመጥበት) ሚባል ፋይል ፍጠር፣ የዳታቤዙን ፓስዎርድ እዛ አስገባ" ይላል። ኖትፓድ ከፍቶ ፈጠረ። ዳታቤዙ ፓስዎርድ ተሳስቷል አለው፣ ቀየረ፣ አሁንም ተሳስቷል፣ ሶስት ጊዜ ቀየረ። ነገሩ ኖትፓድ ከስሙ ኋላ ዶት ቲኤክስቲ ጨምሮበታል፣ ዊንዶውስ ደሞ ያን ጭራ ይደብቀዋል፣ ስለዚ ፋይሉ እያየነው አፑ አያገኘውም። "ፋይል ፍጠር" ማለቱን ተዉትና የዶት ኢንቩን ምሳሌ ፋይል ኮፒ ሚያደርግ ኮማንድ ስጡ። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን ማንቂያውም ዊንዶውስ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ፃፉ።

6. ዳታና መብራት አስቡ

ይሄን ውጭ ሀገር ያለ ሰው አይፅፍላችሁም። ጊት ክሎን (የፕሮጀክቱን ኮድ ሚያወርደው ኮማንድ) መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው፣ የፕሮጀክቱ ታሪክ ትልቅ ከሆነ ደሞ መብራት ሲጠፋ የወረደው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። "ዴፕዝ 1" ሚለውን ጨምሩበት፣ የመጨረሻውን ኮሚት (የኮዱን የመጨረሻ ይዞታ) ብቻ ያወርዳል። ፒፕ ይሻላል፣ አውርዶ የጨረሳቸውን ካሽ ስለሚያደርግ (ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ) ኮማንዱን መድገም ብቻ ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሚጭን ከሆነ አንዱ ዋይፋይ ያለበት ሄዶ በፒፕ ዳውንሎድ ሁሉንም ፎልደር ውስጥ ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ወስዶ ያለኢንተርኔት ይጭናል፣ ብቻ የፓይተን ቨርዥናቸውና ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸው አንድ አይነት ይሁን፣ አለዚያ አይቀበለውም። በዶከር (አፑን ከነሚያስፈልገው ጠቅልሎ ሚያስነሳ ፕሮግራም) ከሆነ ኢሜጁን፣ ማለትም ጥቅሉን፣ በዶከር ሴቭ ፋይል አድርጎ በዶከር ሎድ መጫን ይቻላል። ስንት ሜጋ እንደሚበላም መመሪያው መጀመሪያ ላይ ፃፉ፣ ሰው የዳታ ፓኬጁን አስቦ ይገዛል።

7. ቆራርሳችሁ ላኩ

ፎርክ፣ ብራንች፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጣችሁን ለፕሮጀክቱ መላኪያ ደረጃዎች)፣ ይሄ ብዙ ቦታ ስለተፃፈ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ እኔ መጀመሪያ መመሪያውን ከላይ እስከታች ቀይሬ በአንድ ላይ ላክሁት፣ ማንም ሳያየው ሳምንታት ተቀመጠ፣ ባለቤቶቹ ልክ ናቸው፣ ማን ያን ሁሉ ያነባል። ከዛ ቆራረጥኩት። የዶላሩ ለብቻው፣ የቬንቩ ለብቻው፣ የፓይተን ቨርዥኑ ለብቻው፣ በእያንዳንዱ ላይ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እንደሞከርኩና የመጣውን ኤረር እንዳለ ለጠፍኩበት። የዶላሩን በዛው ቀን ተቀበሉት።

በአማርኛ ወይ በአፋን ኦሮሞ መፃፍ ከፈለጋችሁ ለብቻው ፋይል አድርጉትና ከዋናው ሪድሚ ሊንክ ስጡት፣ ኮማንዶቹን ግን እንዳሉ ተዉአቸው። እኔ የአማርኛውን ጀምሬዋለሁ፣ የቀረኝ ማክ ላይ መሞከር ነው፣ እዚ ሰፈር ማክ ያለው ሰው ካለ ቡናው ከኔ ነው።