የቆየ የፓይተን ኮድ ላይ ታይፕ ቼክ ስትጨምሩ
ከድረ ገጽ ፎርም የሚመጣ ዋጋ ለፓይተን ጽሑፍ ነው። «50»ን በ3 ብታባዙት 150 አታገኙም፤ «505050» ነው የሚወጣው። ስህተት ነው ብሎ እንኳን አይጮህም! ታይፕ ቼከር፣ ማለትም ኮዱ ሳይነሳ የዋጋዎቹን ዓይነት (ታይፕ) የሚፈትሽ መሣሪያ፣ የምወደው ለዚህ ነው።

ሙሉ ፕሮጀክቱን ባንዴ ለመቀየር አትነሱ። ማይፓይ የተባለውን ታይፕ ቼከር በፒፕ (በፓይተን መጫኛ) ጫኑና ገንዘብ የሚያሰላውን ፋይል ብቻ ምረጡ። እያንዳንዱ ፈንክሽን ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ ጻፉበት። ከዚያ ማይፓይን አስነሱት።

ማይፓይ «ችግር የለም» ቢላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ምንም ታይፕ ያልተጻፈበትን ፈንክሽን ውስጡን ሳያይ ነው የሚያልፈው። ያንንም እንዲፈትሽ «ቼክ አንታይፕድ ዴፍስ» የሚለውን አማራጭ አብሩ። ጥብቅ ፍተሻዎችን ባንዴ የሚያበራውን «ስትሪክት»ን ለኋላ አቆዩት፤ በቆየ ኮድ ላይ ከመነሻው ካበራችሁት የስህተቱ ዝርዝር ተስፋ ያስቆርጣል።

ደግሞ ፓይተን ራሱ ፕሮግራሙ ሲሠራ የጻፋችሁትን ታይፕ አያጣራም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባውን ሁሉ፣ ፎርምም ይሁን ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ)፣ ገና ሲገባ መርምራችሁ ወደሚፈለገው ዓይነት ቀይሩት። ለብርና ሳንቲም አስርዮሽን በግምት የሚይዘውን ፍሎትን ትታችሁ በትክክል የሚይዘውን ዴሲማል ተጠቀሙ።

አንዴ ሠርቶ ለሚጣል ስክሪፕት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ታይፕ አልጽፍም።